ከላሟ በፊት ኮርማው ይፈተሽ

ተደጋግማ ተጠቅታ ያልፀነሰች ላም ብዙውን ጊዜ “መካን ናት” ተብላ ወደ ገበያ ትወጣለች። ኮርማውን የሚጠረጥር ግን ጥቂት ነው። አንዲት ላም ብትመክን ጉዳቱ ከአንድ በረት አያልፍም፤ የመራባት አቅሙ የደከመ ኮርማ ግን የመንደሩን ላሞች ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

በአገራችን የወንድ ከብቶችን የመራባት አቅም በጥልቀት ካጠኑ ሳይንቲስቶች አንዱ ዶክተር አዛገ ተገኘ ናቸው። ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር እ.አ.አ በ1991 እና በ1992 ባሳተሟቸው ጥናቶች የቦረና ኮርማዎችንና የቦረናና የፍሪዥያን ድቅሎችን የቆለጥ እድገት መርምረዋል። በበጋ የሚሰጥ ተጨማሪ መኖ ከዘር ህዋስ ክምችት ጋር ያለውን ግንኙነትም ፈትሸዋል። በኋላም እ.አ.አ በ2012 የተጀመረውንና ደቡብ ወሎን ያካተተውን “ላይቭስ” የተሰኘ የእንስሳትና የመስኖ ልማት ፕሮጀክት መርተዋል።

የበጋ መኖ ጉዳይ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ላለ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ሣሩ ደርቆ ከብቱ በጭድና በገለባ ብቻ በሚቆይበት ወቅት የኮርማው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ዘሩም ይቀንሳል።

የዛሬው ጉድለት ከሁለት ወር በኋላ

የዘር ህዋስ በቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ እስኪያልቅ በኮርማ 61 ቀን፣ በድንጉላ ፈረስ 57 ቀን፣ በአውራ በግ 47 ቀን ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ኮርማውን በሚያጠቃበት ሳምንት መቀለብ ዘግይቷል፤ ተጨማሪ መኖው ከሁለት ወር በፊት መጀመር አለበት።

ሕመምም እንዲሁ ነው። ቆለጥ በአግባቡ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝቅ ሲል ነው። ብርቱ ትኩሳት የያዘው ድንጉላ ከዳነና ሥራ ከጀመረ በኋላም ዘሩ ለሳምንታት ደካማ ሊሆን ይችላል። ባዝራ 11 ወር ያህል ስለምታረግዝ ሳትፀንስ ያለፈችበት ወቅት ለባለቤቷ የአንድ ዓመት ኪሳራ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

መለያው ቀላል ነው። ያልፀነሰች ላም በ21 ቀን፣ በግ ደግሞ በ17 ቀን ገደማ ተመልሳ ወንድ ትፈልጋለች። በአንድ ኮርማ ከተጠቁት ላሞች አንዷ ብቻ ከተመለሰች ችግሩ ከላሟ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ከተመለሱ ግን ቀድሞ መመርመር ያለበት ኮርማው ነው። ለዚህም የጥቃት ቀንና የኮርማው ባለቤት በደብተር ይመዝገቡ።

ኮርማው ሲመረጥ ሁለቱ ቆለጦች እኩልና ጠንከር ያሉ፣ እብጠትና ቁስል የሌለባቸው ይሁኑ። አንዱ ያበጠ ወይም የሟሸሸ ከሆነ ማጥቃቱን አቁሞ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል። ምክንያቱ ብሩሴላ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ ላሞችን ያስወርዳል፣ ባልፈላ ወተትም ወደ ሰው ይተላለፋል።

ሌላው ልማድ ፈርጠም ያለውን ወይፈንና አውራ በግ ቀድሞ መሸጥ ወይም ማኮላሸት ነው። በዚህ አሠራር ለዘር የሚቀረው ያልተመረጠው ይሆናል። በመንዝ በጎች ላይ የተሠራው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ይህን ገልብጦ ምርጡ አውራ በመንደሩ እንዲቆይና አርሶ አደሮች በጋራ እንዲጠቀሙበት አድርጓል።

ከወረዳዎች የሚጠበቀው

በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀልም ቢሆን የወንዱ ድርሻ አይዘነጋም። የታሸገው ዘር የሚቆየው በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው። ናይትሮጅኑ ካለቀ ዘሩ ይሞታል፤ ላሟ ግን ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች። በመሆኑም የናይትሮጅኑ መጠን በየጊዜው እየተለካ ይመዝገብ።

የማዳቀል ዘመቻ ሲታቀድ የመንደር ኮርማዎች ምርመራም በእቅዱ ይካተት። በኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ፣ በደሴ ደግሞ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አሉ፤ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከእነርሱ ጋር ተቀናጅተው ቢሠሩ ባለሙያው ሩቅ አይደለም። አርሶ አደሩም ላሙን ለሽያጭ ከማውጣቱ በፊት ያጠቃት ኮርማ ሌሎቹን አስረግዞ እንደሆነ ጎረቤቶቹን ይጠይቅ።