በሐሰት ቃል የተፈረመ ውል

ሰው ብዕሩን አንሥቶ ከውል ወረቀት ግርጌ ስሙን ሲጽፍ፥ ልቡ የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ብቻ አይደለም፤ ሻጩ ቀደም ብሎ በአፉ የነገረውንም አምኖ ነው። ታዲያ ያ የአፍ ቃል ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ፊርማው እንደ ታሰረ ይቀራልን? ወይስ ሊፈታ ይችላል? የእንግሊዝ ዳኞች በዚህ ጥያቄ ላይ የሰጡት ፍርድ በወረቀት ላይ ለሚፈርም ሰው ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በበርሚንግሃም ከተማ ሚስተር ሬድግሬቭ የተባሉ አረጋዊ ጠበቃ ነበሩ። ሥራቸውን የሚካፈላቸው፥ ቤታቸውንም በ1600 ፓውንድ የሚገዛቸው ሰው ቢፈልጉ ኸርድ የተባለ ሌላ ጠበቃ ቀረበ። የጥብቅናው ሥራ በዓመት ከ300 እስከ 400 ፓውንድ እንደሚያስገባ ነገሩት። የሒሳቡ ማጠቃለያ ሲቀርብ ግን በዓመት 200 እንኳ የማይሞላ ሆነ። የቀረው ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቃቸው ወደ አንድ የወረቀት እሥር አመለከቱት። ኸርድም እሥሩን ሳይመረምር ቃላቸውን አምኖ ፈረመ፤ 100 ፓውንድ ቀብድም ከፈለ። በኋላ ነገሩ ሲገለጥ፥ በዚያ እሥር ውስጥ የነበረው ሥራ በዓመት ከ5 ወይም ከ6 ፓውንድ የሚበልጥ አልነበረም።

ኸርድ ግዢውን አልፈጽምም ቢል ሬድግሬቭ ከሰሱት። የመጀመሪያው ዳኛ፥ ወረቀቱ ፊቱ ቀርቦለት ሳለ ስላልመረመረ በሐሰቱ ቃል ተመርቶ ፈረመ አይባልም ብለው ፈረዱበት። በ1881 ዓ.ም. ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ፍርድ ገለበጠው። ከዳኞቹ አንዱ ሰር ጆርጅ ጄሴል እንዳስረዱት፥ ሰውን በሐሰት ቃል ያዋዋለ፥ «ብትመረምር ኖሮ እውነቱን ታገኘው ነበር» ብሎ ሊያመልጥ አይችልም። ውሉ ፈረሰ፤ ቀብዱም እንዲመለስ ተፈረደ።

እንዲህ ያለው ውል ከመነሻው እንዳልነበረ የሚቈጠር አይደለም። የተታለለው ወገን እስኪያፈርሰው ድረስ ይጸናል፤ ማፍረሱም ማጽናቱም በእርሱ ፈቃድ ነው። በዛቻ ተገዶ ወይም ከሚያምነው ሰው ተገቢ ያልሆነ ጫና ደርሶበት የፈረመም ሰው እንዲሁ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል።

ነገር ግን ያልተፈጸመ ተስፋ ሁሉ ሐሰት አይባልም። በኒው ዚላንድ አንድ ባለመሬት መሬቱ 2000 በጎች እንደሚችል ለገዥዎቹ ነግሮ ሸጠላቸው። መሬቱ ያን ያህል አልቻለም። ሆኖም በዚያ መሬት ላይ ከዚያ በፊት በግ ያረባ ሰው አልነበረም፤ ይህንንም ገዥዎቹ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን ይግባኙን የሰሙት ዳኞች ቃሉ ግምት እንጂ እውነተኛ ነገርን መመስከር አይደለም ብለው ለሻጩ ፈረዱ።

ዝምታስ? አንድ ሐኪም በጥር ወር 1934 ዓ.ም. የሕክምና ሥራውን ሊሸጥ ሲነጋገር ገቢው በዓመት 2000 ፓውንድ ነው አለ፤ ቃሉም በዚያ ጊዜ እውነት ነበር። ውሉ እስከ ተፈረመበት እስከ ግንቦት ወር ድረስ ግን ሐኪሙ ታሞ ሕመምተኞቹ ተበትነው ነበር። እርሱም ይህን ሳይናገር ቀረ። ፍርድ ቤቱ በ1936 ዓ.ም. ውሉን አፈረሰው፤ ትናንት እውነት የነበረ ቃል ዛሬ ከተለወጠ መታረም አለበትና።

ሻጩ ራሱ ተሳስቶ ቢናገርስ? በ1944 ዓ.ም. አንድ ሰው የእውቁ ሠዓሊ የኮንስተብል ሥራ ነው የተባለ፥ የሶልዝበሪን ካቴድራል የሚያሳይ ሥዕል በ85 ፓውንድ ገዛ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሊሸጠው ቢወስደው የኮንስተብል እንዳልሆነ ነገሩት። ሻጮቹ ያሳሳቱት በቅን ልቡና ነበር፤ እርሱም የጠየቀው ካሣ ሳይሆን ውሉ እንዲፈርስ ነው። ዳኞቹ በ1950 ዓ.ም. ጊዜው አልፎብሃል ብለው መለሱት።

ቀድሞ ካሣ የሚገኘው በተለይ አታላዩ አውቆ ወይም እውነት ይሁን ሐሰት ሳይገደው መናገሩ ሲረጋገጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግን ሸክሙን ወደ ተናጋሪው አዞረው፤ ቃሉን ለማመን በቂ ምክንያት እንደ ነበረው ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ሕግ ግን ዘግይቶ የሚነቃውን ሁሉ አይጠብቅም። ኸርድ ወረቀቱን ሳያገላብጥ ፈርሞ ዳነ፤ ሐሰቱን ባወቀ ጊዜ ወዲያው እምቢ ብሏልና። ባለሥዕሉ ግን ያለ ጥርጣሬ አምስት ዓመት ቈይቶ እውነቱን ባወቀ ጊዜ የፍርድ ቤቱ በር ተዘግቶ አገኘው። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ የተነገረህን ቃል በወረቀት አስፍረው፤ የገዛኸውንም ዛሬውኑ መርምረው።