የነብር ግራ ጎን፣ የነብር ቀኝ ጎን

ፎቶው ግራጫ ነው። በሌሊት ስለተነሳ ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ እንስሳውም አንድ ቀለም ሆነዋል። የሚታየው የኋላው ግማሽ አካል ብቻ ነው፤ ጭንቅላቱ ከፎቶው ወጥቷል። ገላው ጠቃጠቆ አለበት። «ነብር ነው!» ለማለት ምላስ ይፈጥናል። ረጋ ብሎ ላየው ግን እግሩ ለነብር በጣም ረዘመ፤ ጅራቱም ከቋንጃው ሳይወርድ አለቀ። ነጥቦቹም ድፍን እንጂ እንደ ነብር ጎን በቀለበት የተሰበሰቡ አይደሉም። አነር ነው።

የዱር ድመቶችን በካሜራ ወጥመድ የመለየት ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ቀለም በሌለበት የአካልን መጠንና የነጥብን አደራደር ማንበብ። ካሜራው ራሱ ዛፍ ላይ በቀበቶ ታስሮ ለሳምንታት ብቻውን የሚቀር፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሳጥን ነው። እንስሳ የሚባል ነገር አያውቅም። ከፊቱ የሚመጣው ሙቀት በድንገት ሲለወጥ ይነቃል፣ ያነሳል፣ መልሶ ያንቀላፋል። የቆላ ቀትር ላይ መሬቱና የእንስሳው ገላ በሙቀት ሲቀራረቡ ከፊቱ ያለፈውን ሳያነሳ ሊቀር ይችላል። ፀሐይ ያጋለውን ሣር ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ግን ማንሳቱን አያቆምም። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ 225 ካሜራዎች ተተክለው ከተሰበሰቡት 1.2 ሚሊዮን የፎቶ ስብስቦች ውስጥ እንስሳ የተገኘባቸው 322 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የቀረው ሣርና ጥላ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ እንስሳው ራሱ ገመድ ነክቶ የሚያስነሳቸውን የሌሊት ፎቶዎች ይዞ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው።

ወደ ድመቶቹ እንመለስ። አቦ ሸማኔ ፊቱ ከታየ አያከራክርም፤ ከዓይኑ ውስጠኛ ጥግ እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው። ነብር የጽጌረዳ ቅርጽ ያላቸው ነጥቦች የሚኖሩት በጎኑና በጀርባው ላይ ነው። እግሩና ጭንቅላቱ ላይ ያሉት ድፍን ስለሆኑ እግር ብቻ ያሳየ ፎቶ ብዙ ሰው አሳስቷል። ደልጋ አንበሳ ጭራሽ ጠቃጠቆ የለውም። ቀይ ገላው በሌሊት ግራጫ ስለሚሆን የሚያጋልጡት በጆሮዎቹ ጫፍ ላይ የቆሙት የጸጉር ዘለላዎች ናቸው። ሌንሱ አጠገብ ቢያልፍ ደግሞ ሴት አንበሳ አክሎ ይታያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንስሳው የቆመበት ቦታ ላይ ሴንቲ ሜትር የተጻፈበት በትር ማቆም፣ በዚያው ካሜራ ማንሳት፣ ሁለቱን ፎቶዎች ማነጻጸር።

ጥርኝና ሸለምጥማጥ በየጊዜው ከድመቶቹ መዝገብ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለቱም ግን ድመት አይደሉም። ሰው ለዝባዷ ሲል ይዞ የሚያኖራት ጥርኝ ፊቷ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ ይመስላል፣ ጀርባዋም ላይ ጋማ አለ። ሸለምጥማጥ እግሩ አጭር፣ ጅራቱ የገላውን ያህል ረጅም፣ ከላይ እስከ ታች ቀለበት በቀለበት ነው። እውነተኛው ራስ ምታት ያለው ግን ትንሿ የዱር ድመት ጋ ነው። እግሯ ከቤት ድመት ይረዝማል፣ የጆሮዋ ጀርባ ቀላ ይላል፤ በሌሊት ፎቶ ግን ቀዩ አይታይም፣ ከቤት ድመት ጋርም ትዳቀላለች። በእኔ እምነት እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ «ያልተለየ» ብሎ መዝግቦ ማለፍ የሙያ ጨዋነት ነው።

(ሰዓትም አለ። ካሜራውን ሲተክል ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው መዝገቡን በስድስት ሰዓት ያዛባል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያለፈ እንስሳ መረጃውን ለሚያነበው የውጭ ተመራማሪ ሌሊት የወጣ ይመስለዋል።)

ዝርያው ከታወቀ በኋላ «የትኛው ነብር?» የሚለው ይመጣል። የአንዱ ነብር ነጥቦች ከሌላው አይገጥሙም፤ እስከዚህ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ግራ ጎኑና ቀኝ ጎኑም የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። ትናንት በግራው፣ ዛሬ በቀኙ የተነሳው አንድ ነብር ይሁን ሁለት፣ ከፎቶዎቹ ብቻ መናገር አይቻልም። ስለዚህ ቆጠራ የሚሠራ ቡድን በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ካሜራ ይተክላል፤ ብልጭታቸው እንዳይጋጭም ትንሽ ያዛንፋቸዋል። ከዚያ የጎን ፎቶዎቹ ይደረደራሉ። ተመልካቹ አንድ ቦታ ይመርጣል፤ ለምሳሌ ከኋላ እግር በላይ ያሉትን አምስት ስድስት ቀለበቶች። የትኛው ክፍት ነው? የትኛው ከጎረቤቱ ጋር ተጣብቋል? ኮምፒዩተር ይመስላሉ የሚላቸውን መርጦ ያቀርባል፤ የመጨረሻውን ቃል ግን አሁንም ሰው ይሰጣል፣ ቢቻል ሁለት ሰው ሳይመካከር።

ይህ ሁሉ ልፋት ለሒሳቡ ነው። በመጀመሪያው ዙር አሥር ነብሮች ተለዩ እንበል። በሁለተኛው ዙር ስምንት ታዩ፤ ከስምንቱ አራቱ የታወቁ ናቸው። የታወቁት ከታዩት ግማሽ ከሆኑ፣ መጀመሪያ የተለዩት አሥሩም ከጠቅላላው ግማሽ ናቸው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ስለዚህ በአካባቢው ሃያ ያህል አሉ። ተመራማሪው ኡላስ ካራንት በሕንድ ናጋራሆሌ የነብር ዘመድ የሆነውን ባለ ዥንጉርጉር መስመሩን ታይገር በዚህ መንገድ ቆጥሮ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1995 ካሳተመ በኋላ ዘዴው በየአገሩ ተለመደ።

ነጥቡ የማይታይ ነብርስ? ግስላ፣ ማለትም ጥቁሩ ነብር፣ በዓይን ሲታይ ድፍን ጥቁር ነው። በማሌዥያ ልሳነ ምድር የሚሠሩ ተመራማሪዎች ካሜራዎቹ ቀንም ሌሊትም በኢንፍራሬድ ብልጭታ ብቻ እንዲያነሱ ሲያደርጉ ነጥቦቹ ከጥቁሩ ሥር ወጥተው ታዩ፤ ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኬንያ ላይኪፒያ በካሜራ የተያዘ ጥቁር ነብር ዓለምን ሲያነጋግር፣ አጥኚዎቹ ከዚያ በፊት በአፍሪካ ተረጋግጧል ብለው የጠቀሱት እ.ኤ.አ. በ1909 አዲስ አበባ ላይ የተመዘገበውን ነበር። ያ ሁሉ ዘመን ግስላ ጠፍቶ ነበር ማለት ግን አይደለም፤ ያነሳውና ያረጋገጠው ጥቂት ነበር። በእኛ ደጋ ደግሞ ጥቁር አነርም ስላለ፣ ጥቁር ሆኖ ያለፈውን ሁሉ ግስላ ብሎ መጻፍ አያዋጣም።

አንበሳ ከሁሉም ይከፋል። የሚቆጠር ነጥብ ያለው ጢሙ ሥር ነው፤ እሱን ለማየት ፊቱን በቅርብ፣ በደህና ብርሃን ማግኘት ያስፈልጋል። ካልሆነ የተቀደደ ጆሮና ጠባሳ መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሱዳን ድንበር በሚገኘው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ የተተከሉ ካሜራዎች አንበሳ ሲያነሱ፣ የአካባቢው ሰው ሲናገረው የኖረው ጉዳይ በፎቶ ተረጋገጠ። በወቅቱ ለአልጣሽና በሱዳን በኩል ለሚያዋስነው ለዲንደር ፓርክ በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር ይችላል ተባለ። ይህ ቁጥር ግን ከቦታው ስፋትና ሁኔታ ተነስቶ የተገመተ ነው፤ አንበሶቹ አንድ በአንድ ተለይተው የተቆጠሩበት አይደለም።