ያውቁ ኖሯል? ዓሣው ሰማያዊ፣ ቀለሙ ግን የለም!

የብዙ ባሕር ዓሦች ሰማያዊነት በቆዳቸው ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ሲመልሱ የሚታይ ነው፤ ሲሞቱ ቶሎ ይደበዝዛል። ይህን የብርሃን ውጤት ለማሳየት በውኃ ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ሰማያዊውን ስስ አድርጎ ይደራርባል፤ ለዓሣው ዓይን ብልጭታ ወረቀቱን ነጭ ይተዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአቢሲኒያ እንስሳት መጽሐፍ ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሦች በቀለም ተሥለዋል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ያለው ጌዴኦ ደግሞ ባሕር የለውም። የእንስሳ ሥዕል ግን ከጥንት አለው፤ ያውም ያለ ቀለም! ከዲላ ከተማ ብዙም በማይርቀው ሸፔ፣ የገደሉ ግድግዳ ላይ ላሞች በተርታ ተቀርጸዋል። ሻኛ የላቸውም። አካላቸው ከጎን፣ ቀንዳቸው ከላይ የታየ ይመስላል፤ ግታቸው ግን ጉልህ ነው። ዲላ ከደረሱ ሳያዩት እንዳይመለሱ።