ዘጠነኛ ክፍል፣ ከውጭ ማንም የማይጠይቅበት ዓመት

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተፈታኝ ያለበት ቤት ይታወቃል። ከምድር ቤቱ ካፌ የሚመጣው ሙዚቃ ዝም ባይልም ቤት ውስጥ ሕግ ይወጣል፤ ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ታናናሾቹ ኮሪደር ላይ እንዲጫወቱ ይታዘዛሉ፣ ለሒሳብ አስጠኚ ይፈለጋል። ሚኒስትሪ ነዋ! ውጤት መጥቶ ልጁ ካለፈ በኋላ ግን ሁሉም እፎይ ይላል። መስከረም ላይ አዲስ ዩኒፎርም ይለበሳል፣ ሃይስኩል ይገባል፣ ቤቱም ወደ ቀድሞ ወጉ ይመለሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ እፎይታ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል ልጁን የማይፈትንበት ዓመት ነው። የከተማ አቀፍ ፈተና የለም፣ ብሔራዊ ፈተናም የለም። ቀጣዩ ትልቅ ፈተና የሚመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ድረስ ልጁ ወደ ኋላ እየቀረ ቢሆን ደወል የሚደውል የለም፤ ያለው ካርዱና ወላጁ ነው።

ብዙ ወላጅ ሃይስኩልን የሚያውቀው በራሱ ጊዜ በነበረው መልክ ነው፤ ያ መልክ ደግሞ ተቀይሯል። ዕድሜው ገፋ ያለ አባት የሚያስታውሰው በ12ኛ ክፍል የሚወሰደውን ማትሪክ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ያለፉ ናቸው፤ ከስምንተኛ በኋላ ሁለት ዓመት ተምሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ውጤቱ የበቃው ወደ መሰናዶ፣ ያልበቃው ወደ ቴክኒክና ሙያ። በባቡር ከልደታ አንድ ፌርማታ ላይ ያለው ተግባረ እድ ለዚያ ዘመን ተማሪ ቅርብ አማራጭ ነበር። የዚያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል ቀልድ አልነበረም፤ የአሥረኛው ፈተና በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚመጣ ተማሪውም ወላጁም ያውቁ ነበር።

ያ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የለም። አዲሱ አደረጃጀት ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ነው፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ። ለልጆች ትንፋሽ የሰጠ ለውጥ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ በአንድ ፈተና ዕጣን መወሰን ጭካኔ ነበር። ነገር ግን ማስጠንቀቂያውም አብሮ ሄዷል። አሥረኛ ክፍል ላይ ይታወቅ የነበረው ጉድለት አሁን የሚታወቀው አሥራ ሁለተኛ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

ምን ያህል እንዳለፈ ቁጥሩ ይናገራል። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች የ12ኛ ክፍልን ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነው፣ ኩረጃ ተዘግቶባቸው ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፤ ሆኖም በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አላለፉም። እነዚህ ልጆች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ በድንገት የደነዘዙ አይመስለኝም። ዘጠነኛ ላይ ያልገባቸውን ነገር ይዘው፣ በቡድን አሳይመንትና በጓደኛ ወረቀት እየተደገፉ፣ ከክፍል ክፍል ሲሻገሩ የቆዩ ናቸው።

ዘጠነኛ ላይ ምኑ ነው የሚከብደው? አንደኛ፣ ቋንቋው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ነው የተማረው። ከዘጠነኛ ጀምሮ ግን በመላ አገሪቱ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ልጁ የታሪክና የባዮሎጂ ገጽ ያነብባል፣ ያነበበውን ግን ለሰው መንገር አይችልም። እዚህ ላይ ነው ሽምደዳ የሚጀመረው፤ ያልገባውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይይዛል፣ ፈተና ላይ ይገለብጣል፣ በሳምንቱ ይረሳል። ውጤት ሲመጣ «ኬሚስትሪ ይከብደኛል» ይላል፤ የከበደው ግን ኬሚስትሪው ሳይሆን የተጻፈበት ቋንቋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለመለየት ወላጁ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልገውም። ደብተሩን ይዞ መቀመጥና «ይሄን በአማርኛ አስረዳኝ» ማለት በቂ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ስለ አተም አሠራር፣ ስለ ንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ፣ ስለ ኬሚካዊ ትስስር ያስተምራል። የገባው ልጅ አተም ምን ምን እንደያዘ ለእናቱ በቤት ቋንቋ ይነግራታል። ያልገባው «ትርጉሙ አይመጣልኝም» ይላል። እናት ትምህርቷን አራተኛ ክፍል ላይ ብታቋርጥም ልዩነቱን ትለየዋለች።

ሁለተኛው፣ የትምህርቱ መበታተን ነው። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ አጠቃላይ ሳይንስ የነበረው ዘጠነኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይለያያል። ኅብረተሰብ ትምህርት የነበረው ጂኦግራፊና ታሪክ ይሆናል፤ ኢኮኖሚክስም አዲስ ሆኖ ይመጣል። እነዚህ ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አማርኛ ወይም ሌላ የአገር ቋንቋ፣ ዜግነት፣ አይቲ፣ ስፖርት ሲጨመሩ ልጁ በሳምንት ከዐሥር በላይ መምህር ፊት ይቀመጣል። እያንዳንዱ መምህር ደግሞ ብዙ ሴክሽን ያስተምራል። በዚህ መሀል ዝም ብሎ ወደ ኋላ የቀረን አንድ ልጅ ለይቶ ማየት ለመምህሩም ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሆምሩም መምህሩን ስምና ስልክ በመጀመሪያው ወር መያዝ ይጠቅማል። ብዙ ወላጅ ይህን ስልክ የሚያገኘው ልጁ ተጣልቶ ወይም ዩኒት ሊደር ጠርቶት ሲሄድ ነው።

ከሁሉም በላይ ልቆምበት የምፈልገው ሒሳብ ነው። ፊዚክስ ወደቀ የተባለ ልጅ ብዙ ጊዜ የወደቀው ሒሳብ ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ በቀጥታ መስመር ስለሚደረግ እንቅስቃሴ፣ ስለ ኃይልና ሥራ፣ ስለ ቀላል ማሽኖች ነው፤ ሁሉም ስሌት ይጠይቃሉ። ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። «መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ 150 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለት ሰዓት ተኩል ማለቱ አይቀርም። ቀጥሎ ያንኑ በደብተሩ ላይ በፊደል በተጻፈው ቀመር እንዲሠራው አድርጉ። እዚያ ላይ ከተሰናከለ ጉድለቱ የፊዚክስ አይደለም፤ ከስድስተኛና ከሰባተኛ ክፍል የተረፈ የክፍልፋይና የእኩልታ ጉድለት ነው። የፊዚክስ አስጠኚ ቢቀጠርለት ገንዘቡ ይባክናል። የታናሽ እህቱን የሒሳብ መጽሐፍ ለአንድ ወር ቢሠራ ይሻለዋል፤ እንዳያፍር ግን በሩ ተዘግቶ።

ሌላው ነገር መቅረት ነው፤ ወላጅ ከሚገምተው በላይ ክብደት አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን ተማሪዎች ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በዘጠነኛ ክፍል በትምህርታቸው ወደ ኋላ ያልቀሩት ከቀሩት ይልቅ ሃይስኩልን በአራት ዓመት የመጨረስ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታይ ጥናታቸው ደግሞ፣ ልጁ ዘጠነኛ ላይ ይወድቅ እንደሆነ ከስምንተኛ ክፍል ፈተናው ውጤት ይልቅ ከክፍል መቅረቱ በተሻለ እንደሚናገር አሳይቷል። ቺካጎ አዲስ አበባ አይደለችም። ነገሩ ግን ከዚህም ጋር ይገጥማል፤ ሚኒስትሪ ላይ ዘጠና ያመጣ ልጅ መፎረፍ ከለመደ ያ ዘጠና አያድነውም።

መፎረፍ ደግሞ ሙሉ ቀን መጥፋት ብቻ አይደለም። ጠዋት ስም ተጠርቶ፣ ከእረፍት በኋላ መውጣትም አለ። መምህር ያልገባበት ክፍለ ጊዜም አለ፤ ይህኛው የልጁ ጥፋት ባይሆንም ጉዳቱ ያው ነው። ስለዚህ ማታ «እንዴት ዋልክ?» ተብሎ «ደህና» የሚል መልስ ከመቀበል «ዛሬ የትኞቹ መምህራን ገቡ? ሒሳቡ ምን አስተማረ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል። አንድ መምህር ለሳምንታት ካልገባ ጉዳዩን ይዞ ወደ ወተመህ መሄድ የወላጅ መብት ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የተቋቋመው ገንዘብ ለማዋጣት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ቦታ ግን ወላጅ ለሌላ ጉዳይ ስብሰባ ላይ ሲታይ አላየሁም።

ካርዱ ሲመጣ ዓይን መጀመሪያ ወደ ደረጃ ይሄዳል። ስምንተኛ ላይ ሦስተኛ የነበረ ልጅ ዘጠነኛ ላይ ሃያኛ ሲወጣ ቤቱ ይታመሳል። ረጋ ማለት ይሻላል፤ ከየትምህርት ቤቱ ጎበዝ የነበሩት አንድ ላይ ስለተሰበሰቡ ነጥቡ ሳይወርድ ደረጃው ሊወርድ ይችላል። መታየት ያለበት የየትምህርቱ ነጥብ ነው፤ ከዚያም ነጥቡ ከምን እንደተሰበሰበ። አሳይመንት ላይ ወደ ሙሉ የሚጠጋ ነጥብ አግኝቶ ፋይናል ላይ ከግማሽ በታች ያመጣ ልጅ፣ አሳይመንቱን የሠራለት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን አማካይ አያሳይም። ትምህርት ቤቱ የየፈተናውን ዝርዝር ስለሚይዝ መጠየቅ ነው።

የልጅቷ ካርድ ሲታይ ደግሞ አብሮ የሚታይ ሌላ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ትሠራለች? ወንድሟ ሲያጠና እሷ እንጀራ የምትጋግር፣ ቡና የምታፈላ፣ ሕፃን የምትይዝ ከሆነ ነጥቡ የችሎታ ብቻ መለኪያ አይደለም። በወር አበባ ምክንያት በየወሩ የምትቀርም ከሆነ የእነዚያ ቀናት ትምህርት ከማን ደብተር እንደሚገለበጥ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ስለ መራባትና ስለ ጤና ምዕራፍ ስላለው ለዚህ ወሬ በር ይከፍታል። መጽሐፉን ሲያገላብጡ ሥዕሉን አይተው የሚደነግጡ ወላጆች አሉ፤ ከቲክቶክ ከሚሰማው ከመጽሐፉ ቢማሩት ይሻላል።

ኮንዶሚኒየም ቤት ለማጥናት አይመችም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። በስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ሲኖር የልጁ ጠረጴዛ የእራት ጠረጴዛም ነው። የተለየ ክፍል መስጠት ባይቻል የተለየ ሰዓት መስጠት ይቻላል፤ ቴሌቪዥን የሚጠፋበት፣ የሁሉም ስልክ የሚቀመጥበት አንድ ሰዓት ተኩል፣ የአባት ስልክም ጭምር። ቅዳሜ ደግሞ ከሜክሲኮ ብዙም የማይርቀው ወመዘክር፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአራት ኪሎው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ማስጠናት ግን ጥቅም የለውም። ለዚህ ዕድሜ ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ።

ምሳም ይታሰብ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው ምገባ ለቅድመ አንደኛና ለአንደኛ ደረጃ ልጆች ተብሎ የተጀመረ ነው፤ ሃይስኩል የገባ ልጅ የምሳ ዕቃ ወይም ብር ይዞ መሄድ አለበት። የምሳ ብር ሲሰጥ ደግሞ የት እንደሚገባ ማወቅ ጥሩ ነው፤ ቤቲንግ ላይና ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄደው ያው ብር ነው።

ለአስጠኚ ትንሽ ገንዘብ ካለ፣ ስድስት ትምህርት ላይ ከመበተን ሒሳብና እንግሊዝኛ ላይ ይዋል፤ ሌሎቹ ትምህርቶች በእነዚህ ሁለቱ ላይ ናቸው የሚቆሙት። ገንዘቡ ከሌለ ከብሎኩ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወይም ያለፈ ልጅ መፈለግ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ግቢ እዚሁ ልደታ ስላለ ተማሪ አይጠፋም። ማስጠናቱ የሚጀመርበት ጊዜ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ከመምጣቱ በፊት፣ ሚድ ፈተና እንደተመለሰ ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ልጁ የሚመልሰው ዘጠነኛና ዐሥረኛ ላይ በሰበሰበው ነጥብ ነው፤ ሒሳብን ሸሽቶ ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅም 12ኛ ክፍል ላይ ሒሳብ መፈተኑ አይቀርለትም።