የጦር ሜዳ በጠረጴዛ ላይ፦ የወታደራዊ ሞዴሎች ቅብና የዲዮራማ ሥራ

በጦርነት ያገለገሉ ታንኮችን፣ አውሮፕላኖችንና መርከቦችን በትክክለኛ ልኬት አሳንሶ መሥራት በበርካታ የዓለም አገሮች ሰፊ ተከታይ ያለው የእጅ ጥበብ ነው። ሥራው ከልጆች መጫወቻ የሚለየው ዕቃውን በማሳነስ ብቻ ሳይወሰን፣ ዕቃው በአንድ በተወሰነ ጊዜና ቦታ ምን ይመስል እንደነበር በማስረጃ ተደግፎ ለማሳየት የሚጥር በመሆኑ ነው።

ለምድር ጦር መሣሪያዎች በስፋት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ 35 ነው። በዚህ ልኬት ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወታደር 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከነመድፉ 8 ሜትር ከ66 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጀርመን ፓንተር ታንክ ደግሞ ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። የልኬቱ ምንጭ የሂሳብ ቀመር ሳይሆን ባትሪ ነው። መቀመጫውን በሺዙኦካ ከተማ ያደረገው የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1961 የፓንተርን ሞዴል ለገበያ ሲያቀርብ፣ የታንኩ አካል ሞተርና ባትሪዎችን እንዲይዝ ተደርጎ ነበር የተነደፈው። ከዚያ የተገኘው መጠን 1 ለ 35 ሲሆን፣ በኋላ ሌሎች አምራቾችም ይህንኑ ልኬት ተከትለዋል።

የቅብ ሥራው የሚጀምረው ሞዴሉን በሳሙና ውኃ በማጠብ ነው፤ ከቅርጽ ማውጫው በፕላስቲኩ ላይ የሚቀረው ቅባት ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋልና። ቀጥሎ ፕራይመር የሚባለው የመሠረት ቀለም፣ ከዚያም ዋናው ቀለም በኤርብራሽ ወይም በብሩሽ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ይደራረባል። ወፍራም ቀለም የብሎኖችንና የመገጣጠሚያዎችን ቅርጽ ስለሚቀብር አይመከርም። ከሩቅ የሚታይ ነገር በመካከሉ ባለው አየር ምክንያት ፈዘዝ ብሎ ስለሚታይ፣ ብዙ ሠሪዎች በትንሽ ሞዴል ላይ ከእውነተኛው ፈካ ያለ ቀለም ይጠቀማሉ።

ሞዴሉ በዚህ ደረጃ አዲስና ንጹህ ይመስላል። አገልግሎት ላይ የዋለ እንዲመስል የሚያደርገው የማስረጀት ሥራ ነው። በመጀመሪያ በጣም የቀጠነና ጠቆር ያለ የዘይት ቀለም በስንጥቆችና በብሎኖች ዙሪያ እንዲሰርግ ይደረጋል፤ ይህም ጥላ ይፈጥራል። ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊደርቅ በተቃረበ ብሩሽ ደግሞ ጠርዞች ብቻ ይነካሉ። የተላጠ ቀለም ለማሳየት የዝገት መልክ ያለው ቀለም ቀድሞ ይቀባና ሲደርቅ የፀጉር ስፕሬይ ይነፋበታል። በላዩ በውኃ የሚቀጥን ዋናው ቀለም ከተቀባ በኋላ፣ ውኃ በነካ ብሩሽ በቀስታ ሲታሽ ስፕሬዩ ስለሚሟሟ የላዩ ቀለም በየቦታው ይነሳል። አቧራና ጭቃ ለማሳየት በዱቄት መልክ የተዘጋጁ ቀለሞች ያገለግላሉ።

የሥራው ፈተና ግን ብልሃቱ ሳይሆን ምክንያቱ ነው። እያንዳንዱ እድፍ ከየት እንደመጣ መልስ ሊኖረው ይገባል። ጭቃ ከታች ወደ ላይ ይረጫል፤ ቀለም የሚላጠው ወታደሮች በሚረግጡትና እጃቸው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ቀለም የሌለው የብረት ሰንሰለት ፈጥኖ ይዝጋል፤ መሬት የሚነካው ገጹ ግን በሰበቃ ያብረቀርቃል። የጭስ ማውጫው በሙቀት ቀለሙ ተቃጥሎ ይዝጋል። በአንጻሩ ብዙ ታንኮች በውጊያ ላይ የሚቆዩት ለጥቂት ወራት በመሆኑ፣ በውጊያ ላይ ያለን ታንክ ከዳር እስከ ዳር በዝገት መሸፈን ውበት ቢኖረውም እውነት አይደለም።

የቀለም ምርጫም እንዲሁ ነው። የጀርመን ታንኮች እስከ 1943 መጀመሪያ ድረስ በአብዛኛው ጥቁር ግራጫ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1943 በወጣ ትእዛዝ መሠረታዊ ቀለማቸው ወደ ደብዛዛ ቢጫ ተለወጠ። ክፍሎቹ አረንጓዴና ቀይ ቡናማ ቀለም በቤንዚን ወይም በውኃ እያቀጠኑ ራሳቸው ይቀቡ ስለነበር የአንዱ ታንክ መልክ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ሠሪው የዘመኑን ፎቶግራፍ መመርመር ግድ ይለዋል።

ሞዴሉ ከመሬት፣ ከሕንፃና ከሰዎች ጋር ሲቀናበር ዲዮራማ ይባላል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1822 ሉዊ ዳጌር ከአጋሩ ጋር በፓሪስ ከከፈተው የብርሃንና የሥዕል ትርኢት የመጣ ነው። መሬቱ በፎም፣ በጀሶ፣ በአሸዋና በደረቅ ሥራ ሥር ይሠራል።

ዲዮራማ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል የእንግሊዛዊው መኮንን የዊልያም ሳይቦርን ታሪክ ያሳያል። ሳይቦርን እ.ኤ.አ. በ1815 የተካሄደውን የዋተርሉ ጦርነት ሞዴል እንዲሠራ በ1830 ታዘዘ። በጦር ሜዳው ለስምንት ወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ ከጦርነቱ ለተረፉ መኮንኖችም ደብዳቤ እየጻፈ ምስክርነታቸውን ሰበሰበ። ከ70 ሺህ በላይ ጥቃቅን ወታደሮች የተደረደሩበት ሥራ በ1838 ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። ሆኖም የፕሩሲያ ጦር የነበረበት ሥፍራ ከጦር አዛዡ ከዌሊንግተን መስፍን ዘገባ ጋር ባለመስማማቱ ክርክር አስነሳ፤ ሳይቦርንም በመጨረሻ በርካታ የፕሩሲያ ወታደሮችን ከሞዴሉ አነሳ። ሥራው በለንደን በብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል።

በጥንቃቄ ረገድ የቲነርና የስፕሬይ ትነት ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ ቅቡ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ሊከናወን፣ በሚረጭበትና በሚፋቅበት ጊዜም ጭምብል ሊደረግ ይገባል።

በአጠቃላይ ይህ ጥበብ ትዕግሥትን ብቻ ሳይሆን ታማኝነትንም ይጠይቃል። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የተቃጠለ ታንክ በእውነተኛው ዓለም ሰዎች የነበሩበት ነው፤ ይህን የማይዘነጋ ሠሪ ጦርነትን ሳያስጌጥ ታሪክን ለትውልድ ያሳያል።