ቶርየምና የኒውትሮን ሒሳብ

ስለ አቶም ኃይል ክርክር በተነሣ ቁጥር «የነገው ማገዶ ቶርየም ነው» ሲባል እንሰማለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ብንሆንም፥ ይህ ተስፋ በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ የፊዚክስ ተማሪዎች ዕዳ ብቻ አይደለምና የተረዳነውን በአጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቶርየም በራሱ ማገዶ አለመሆኑ ነው። ዝግተኛ ኒውትሮን ቢያርፍበት ይውጠዋል እንጂ አይሰነጠቅም። ቶርየም 232 ኒውትሮን ሲውጥ ቶርየም 233 ይሆናል፤ የዚህም ግማሹ በ22 ደቂቃ ያህል ወደ ፕሮታክቲኒየም ይለወጣል፤ የፕሮታክቲኒየሙም ግማሽ በ27 ቀን ያህል ዩራኒየም 233 ይሆናል። የሚሰነጠቀውና ሙቀት የሚሰጠው ይህ ዩራኒየም ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የገበሬ ጥያቄ ነው፤ ለዘር ያላስቀረ ለከርሞ ምን ይዘራል? ዩራኒየም 233 አንድ ዝግተኛ ኒውትሮን በዋጠ ቁጥር በአማካይ 2.3 ያህል አዳዲስ ኒውትሮኖች ይወጣሉ። አንዱ እሳቱ እንዳይጠፋ ቀጣዩን አስኳል ይመታል፤ ሁለተኛው በቶርየም ላይ ተዘርቶ የተቃጠለውን ዩራኒየም ይተካል። የሚተርፈው 0.3 ብቻ ነው። ብረቱና ውሃው የሚውጠው፥ ከምድጃው አምልጦ የሚጠፋውም ሁሉ ከዚህች ትርፍ ይከፈላል። በዩራኒየም 235 ቁጥሩ 2.07 ያህል ስለሆነ ትርፉ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በ2.3 ላይ ከመቶ አምስት ስሕተት ቢገባ ከትርፉ ሲሶ በላይ ይበላል። መለኪያው እንዲህ እንዲጠነቀቁለት የሚያስገድደው ይህ ነው።

ልኬቱስ እንዴት ይደረጋል? በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሴርን በተባለው የምርምር ጣቢያ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ግሩም ነው። ፕሮቶኖች በእርሳስ ላይ ይተኮሳሉ፤ ከእርሳሱም ልዩ ልዩ ፍጥነት ያላቸው ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። በ185 ሜትር ቱቦ ውስጥ ሲሮጡ ፈጣኑ ይቀድማል፥ ዝግተኛው ይዘገያል፤ የደረሱበት ቅጽበት ፍጥነታቸውን ይናገራል። በቱቦው ጫፍ እጅግ የሳሳ የቶርየም ወይም የዩራኒየም ቅብ ተቀምጧል። አስኳል ሲሰነጠቅ ስባሪዎቹ በጋዝ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት ያስነሣሉ፤ ምልክቱም ይቆጠራል። አስቸጋሪው ሥራ ኒውትሮኑ ሳይሰነጥቅ የተዋጠበትን ለይቶ ማወቅ ነው፤ በዩራኒየም 233 ከሚዋጡት ዝግተኛ ኒውትሮኖች ከመቶ ስምንት ያህሉ እንዲሁ ይባክናሉና።

ሌላም የሚለካ ነገር አለ። ጥቂት ኒውትሮኖች ከስንጠቃው በኋላ ዘግይተው ይወጣሉ፤ ምድጃውን በእርጋታ ለመቆጣጠር የሚያስችሉት እነርሱ ናቸው። በዩራኒየም 235 ከመቶ 0.65 ያህል ሲሆኑ በዩራኒየም 233 ግን 0.27 አካባቢ ብቻ ናቸው። ልጓሙ አጭር ነው ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በአሜሪካ በሺፒንግፖርት ከ1977 እስከ 1982 በቶርየምና በዩራኒየም 233 የሠራው ምድጃ፥ ማገዶው ወጥቶ ሲመረመር የሚሰነጠቀው ነገር ከመጀመሪያው ከመቶ አንድ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ዘሩ ተመለሰ፤ ትርፉ ግን እፍኝ አልሞላም። እንግዲህ ቶርየምን የሚያሞግስም ሆነ የሚያጣጥል ሲያጋጥመን፥ ከሁሉ አስቀድመን «ኒውትሮኑ ስንት ነው? ማንስ ለካው?» ብለን እንጠይቅ።