ከከሚሴ ቦሌ፣ ከቦሌ ጅዳ፦ የቱ ይርቃል?

በጨፋ ሸለቆ ጅዳን በስም የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ለሐጅ የሄደ አለ፣ ለሥራ የሄደ አለ፣ የሄደ ዘመድ ያለውም ብዙ ነው። ታዲያ «ጅዳ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ሁለት ሰዓት ነው» ትባላላችሁ። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። እኔም የጂኦግራፊ ተማሪ እንደመሆኔ የበረራ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ለምን እንደሚለያዩ በዚህ አጭር ጽሑፍ ላስረዳ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ርቀቱን እንመልከት። ቦሌ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ገደማ፣ የጅዳው አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ 21.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም በ39ኛው ኬንትሮስ አካባቢ ስለሆኑ ጅዳ ከአዲስ አበባ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የ12.7 ዲግሪውን ልዩነት በ111 ስናባዛ 1,410 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን። አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር በስሌት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይበቃዋል። መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱና ለማረፍ ፍጥነት መቀነሱ ሲጨመርበት ግን ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከሚሴ ከቦሌ በቀጥታ መስመር ቢለካ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ምክንያቱም መንገዱ በካራቆሬ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጣርማበርን ተራራ ወጥቶ ነው ደብረ ብርሃን የሚገባው። መኪናው በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 6 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ለውጭ አገር በረራ ከ3 ሰዓት በፊት ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል። እንግዲህ ደምሩት፤ 12 ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የሚያልፈው አንድ ስድስተኛው ገደማ ብቻ ነው!

ሦስተኛውና ዋናው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ዓርብ 02:30» የሚል ትኬት ቢኖር ዓርብ ጠዋት 2:30 ማለት አይደለም። ከሌሊቱ 8:30፣ ለዓርብ አጥቢያ ማለት ነው። ተጓዡ ሐሙስ ከምሽቱ 5:30 ቦሌ መገኘት አለበት፤ ከከሚሴም ቢዘገይ ሐሙስ ጠዋት መነሳት ይኖርበታል። ዓርብ ሲነጋ ቢመጣ አውሮፕላኑ ሄዷል። ከብት ተሽጦ ወይም ተበድሮ የተቆረጠ ትኬት በአንድ አነባበብ ሊቃጠል ይችላል።

በተጨማሪም ትኬት ላይ ያለው የመነሻና የመድረሻ ሰዓት እንደየአገሩ ነው። ሳዑዲና ኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ስለሚጠቀሙ መቀነስ ብቻ ይበቃል። ዱባይ ግን ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። በመሆኑም ሲሄዱ በረራው በአንድ ሰዓት የረዘመ፣ ሲመለሱ ያጠረ ይመስላል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ሩቁ ጅዳ ሳይሆን ቦሌ ነው። ስለዚህ ዘመድ የሚሸኝ ሁሉ ጉዞውን ከበረራው ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠረ ያቅድ። መንገድ ሊዘጋ፣ መኪናም ሊበላሽ ይችላልና ከተቻለ አንድ ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ይመረጣል። ትኬቱንም ማንበብ የሚችል ተማሪ በየቤቱ አይጠፋም፤ ለአባትና ለእናት ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ መስጠት የእኛ ፋንታ ነው እላለሁ።